ሁለት የግራ ጉንጭ

እኔ ሽጉጥ ፈርቼ ከአገሬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይህን ከወዲሁ መናገሬ ትንሽ ቆይታችሁ ሮማ ከተማ፣ ቲቡርቲና ጣቢያ ፊት ለፊት፣ የሽጉጥ እጀታ በኪሴ ይዤ ካራቢኒየሪ በሚባሉት ፖሊሶች ፊት እጄን ሰቅዬ ስታገኙኝ «ይሄ ሰውዬ ድሮም ነገር ነበረበት» እንዳትሉኝ ነው። ምንም አልነበረብኝም። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ቤታችን ሲፈተሽ የቀበሌው ጥበቃ አልጋ ገልብጦ፣ ኮርኒስ ቀዶ የሚይዘው ነገር ቢያጣ የእናቴን ዘነዘና አነሳና «ይሄስ ለምን አገልግሎት ይውላል?» ብሎ መዝገብ ላይ አሰፈረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ነጭ ሽንኩርት የምትወቅጠው በሯን ዘግታ ሆነ። የቤተሰባችን የጦር መሣሪያ ታሪክ ይኸው ነው፤ የተደበቀ የለውም።

ሮማ የገባሁት ደግሞ ጣሊያንኛ እችላለሁ ብዬ ነው። መቻሉንስ እችል ነበር። ያደግሁት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የጋራዥ ዕቃ ስሙ ሁሉ ጣሊያንኛ መሆኑን ታውቃላችሁ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ማርቴሎ። ሮማ ደርሼ አፌን ስከፍት ነው መነጋገር የምችለው ከመኪና ጋር እንጂ ከሰው ጋር አለመሆኑ የገባኝ።

ሥራ ያገኙልኝ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ከአብዮቱ በፊት ከአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው። ጡረታ በወጡ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት አሥራ አንድ ዓመት ምግብ ሲያበስሉ ኖረዋል። ሐኪሙን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ዶቶሬ» ነው የሚላቸው፤ እኔም ሌላ ስም ጠርቼላቸው አላውቅም። ዕድሜያቸው ሰባ አራት፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ጣቶቻቸውን ቁርጥማት የያዘባቸው ሽማግሌ ናቸው። ለገበያው፣ ለጽዳቱና ለከሰዓት በኋላው የእግር ጉዞ አንድ ወንድ ይፈልጉ ስለነበር እትዬ አስካለ ይዘውኝ ቀረቡ።

«አሎራ፣ ምን ሥራ ትችላለህ?» አሉኝ ዶቶሬ።

ጥያቄው ገብቶኛል። መልሱን በምን ቃል ልናገረው? ያለኝን አወጣሁ።

«ካቻቪቴ» አልኩ።

ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ማርቴሎ።»

ፊታቸው በራ። «ፋሌኛሜ!» አሉ።

ፋሌኛሜ አናጢ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ሰውዬው እንዲያ ደስ ብሏቸው የሚናገሩት ቃል ክፉ ሊሆን አይችልም ብዬ «ሲ፣ ሲ» አልኩ። ተቀጠርኩ።

አንድ ዓመት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት እንደገባ፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ዶቶሬ ከቁርስ ሲነሱ «ወደ ክፍሌ ና፣ የጉዋንቼቴ ሥራ አለን» አሉኝ። ጉዋንቻ ጉንጭ ነው። ጉዋንቼቴ ደግሞ ትንንሽ ጉንጮች። አሁን ራሳችሁን በእኔ ቦታ አድርጉት። አንድ የጥርስ ሐኪም፣ የድሮ የሥራ ወንበራቸው አሁንም በቆመበት ክፍል ውስጥ ስለ ጉንጭ ሊያነጋግሩዋችሁ ሲጠሯችሁ ምን ታስባላችሁ? ያን ሰሞን መንጋጋዬን አሞኝ በአንድ ወገን ብቻ ነበር የማኝከው። እትዬ አስካለ ነግረውብኛል ብዬ ገባሁ፣ ወንበሩ ላይ ወጣሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አፌን ከፈትኩ።

ዶቶሬ ልማድ ሆኖባቸው ይመስለኛል ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ያቺ የኋለኛዋ መነቀል አለባት» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «በል ዝጋው፣ ስለ አንተ ጉንጭ ማን አወራ?» ብለው ከመሳቢያ ሽጉጥ አወጡ።

ከወንበሩ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ራሴን ያገኘሁት ወጥ ቤት፣ ከእትዬ አስካለ ጀርባ ነው።

«እትዬ፣ ሽጉጥ አወጡብኝ!»

«የአደን ነው፣ አትጩህብኝ!» አሉ እትዬ አስካለ ሽንኩርት መክተፋቸውን ሳያቋርጡ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስወለውለው የኖርኩት ነው።»

ዶቶሬ ሽጉጡን እንደያዙ ተከትለውኝ መጡ። «ባዶ ነው» አሉኝ። እኔ አገር የጮኸው ሽጉጥ ሁሉ አስቀድሞ ባዶ ነው የተባለ ነበር። ይህን ግን በጣሊያንኛ መናገር አልቻልኩም። ከፍተው ባዶ ቀዳዳዎቹን አሳዩኝ። ጥይቶቹን ደግሞ ድሮ የተነቀለ ጥርስ ያጠራቅሙበት በነበረ ብልቃጥ ውስጥ ቆልፈው እንደሚያስቀምጡ ነገሩኝ። አልተጽናናሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶቶሬ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር የዱር አሳማ አደን ይወጣሉ። ጠመንጃ መሸከም ካቃታቸው ቆይቷል፤ የቀረቻቸው ይቺ፣ የቆሰለ አሳማ ድንገት ሲዞርባቸው ድሮ ይመዟት የነበረች ሽጉጥ ናት። ከእጀታዋ ግራና ቀኝ የሚታሰሩት ሁለቱ እንጨቶች ናቸው ጉዋንቼቴ የሚባሉት። የድሮዎቹ ተሰንጥቀዋል። ቢጠገኑም ለዛሬው እጃቸው አይሆኑም። ጣቶቻቸው አብጠዋል፣ የቀለበት ጣታቸው ጨርሶ አይታጠፍም።

«የዘንድሮው የመጨረሻ አደኔ ነው፤ ከዚያ ሽጉጧን ለካራቢኒየሪ አስረክባለሁ» አሉ ዶቶሬ እጃቸውን እያዩ። «መጨበጥ ካልቻልኩ ዘንድሮ ጓደኞቼ ይሄዳሉ፣ እኔ መስኮት ላይ እቀራለሁ። አንተ የእንጨት ሰው ነህ። ለዚህ እጅ የሚሆን ሥራልኝ።»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው የሚያዩት እጅ ነው። ሁለተኛው ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ነው። ወሩ ሲያልቅ ጊዜው ያበቃል፤ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ መምሪያው፣ ሄጄ ለማሳደስ «እኔ ዘንድ ይሠራል» የሚል የዶቶሬ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ደብዳቤውን ባነሳሁባቸው ቁጥር «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፣ በኋላ» ይሉኛል፤ እሺ፣ እሺ ማለታቸው ነው። እንዲህ የተንጠለጠለ ሰው አናጢ አይደለሁም ብሎ አይናገርም። «ሲ» አልኩ።

እንጨት መምረጡ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀ። ዶቶሬ ከየሰዉ የለመኑትን ቁራጭ ሁሉ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። እያንዳንዱን በጥርስ መስተዋታቸው እያገላበጡ ያያሉ፣ በብረቷ ኳ ኳ ያደርጉታል፣ ያሸቱታል። «ያመዋል?» ሊሉኝ ነው ብዬ እጠብቃለሁ። አንዱን «በስብሷል»፣ ሌላውን «ሥሩ ደካማ ነው» እያሉ ጣሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ግንባሬን እቋጥራለሁ፤ ግንባር መቋጠር ከአናጢነት ውስጥ በደንብ የምችለው እሱ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ከቁም ሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ጉማጅ አወጡ። ወይራ ነው። የሚስታቸው አባት እርሻ ላይ የነበረ፣ ውርጭ ያደረቀው ዛፍ። ቢጫው ላይ ቡናማ ሐረግ እንደ ውሃ ይፈስበታል።

«ከዚያ ዛፍ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አሉ። «ተጠንቀቅ።»

ከዚያ የጥርስ ልክ የሚወስዱበትን ሮዝ ሰም አለሰለሱና በቀኝ እጃቸው ጨበጡት። ሰሙ ላይ የጣቶቻቸው እብጠት ሁሉ ቀረ፤ የማይታጠፈው ጣት ቦታ ሳይቀር። በዚያ ልክ ሥራ ተባልኩ።

ሐሙስ የእረፍት ቀኔ ነው። ያገሬ ሰው ሁሉ ቴርሚኒ ጣቢያ ሲሰበሰብ እኔ ጉማጄን ይዤ ጋሽ ተወልደ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ተወልደ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛ የተማሩት ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኔ ይልቅ ሰዋስው ያውቃሉ። ከቲቡርቲና ጀርባ አንድ የቤት ዕቃ መጠገኛ ውስጥ ይሠራሉ።

«አናጢ ነኝ ብለህ ነው የተቀጠርከው?» አሉኝ።

«እሳቸው ናቸው ያሉት። እኔ እሺ ብቻ ነው ያልኩት።»

ጋሽ ተወልደ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ጉማጁን ለሁለት ሳንቃ ሰነጠቁልኝ፣ ካርቶን በእጀታው ቅርጽ ቆረጡልኝ፣ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት አዋሱኝ። «ካርቶኑን እንጨቱ ላይ አስቀምጠህ በእርሳስ ትዞረዋለህ፣ ትቆርጣለህ፣ ትሞርዳለህ። ሕፃን ይሠራዋል» አሉኝ። ይህ «ሕፃን ይሠራዋል» የሚባል ነገር አዋቂ ሲሠራው ምን እንደሚሆን አልነገሩኝም።

በዚያን ዘመን ሮማ ውስጥ በየጣቢያው ፍተሻ ነበር። ቲቡርቲና በር ላይ አንድ ወጣት ካራቢኒየሬ ወረቀቴን አየና «ኪስህን የሞላው ምንድን ነው?» አለኝ። አወጣሁ። ሁለት ሳንቃና ቁርጥ የሽጉጥ እጀታ የመሰለች ካርቶን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እንጨት ነው ማለት ይቻል ነበር። ካርቶን ነው ማለትም ይቻል ነበር። እኔ ግን ሰሞኑን አፌ የለመደው አንድ ቃል ስለነበር «ጉዋንቼቴ» አልኩ። ይህ እንዳያንስ «ዴላ ፒስቶላ» ብዬ ጨመርኩበት። የሽጉጥ።

የወጣቱ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ። የእኔ ሁለት እጅ ሳልጠየቅ ወደ ላይ ሄደ። አለቃው፣ ፂማቸው የተንዠረገገ ማሬሻሎ፣ እየሮጡ መጡ። ሳንቃዎቹን ነጠቁ። አገላበጡ። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ኡሊቮ» አሉ። ወይራ።

«ሲ» አልኩ እጄ ላይ እንዳለ።

«ምነው ወይራ?» አለ ወጣቱ። «ኖቼ አይሻልም?» ኖቼ የሚሉት ጠቆር ያለ፣ ለጠመንጃ ሰደፍ የሚመርጡት እንጨት ነው።

ማሬሻሎው እናታቸውን የሰደበባቸው ያህል ዞሩ። «ኖቼ? ለእጅ ላብ ኖቼ? አባቴ ሃምሳ ዓመት ያደነው በወይራ እጀታ ነው!» ወጣቱ የእሱ አያት ደግሞ በኖቼ እንዳደኑ ተናገረ። ትኬት ቆራጩ ከመስኮቱ ወጥቶ የሁለቱም ነገር ከንቱ ነው፣ ያለ ሾላ እንጨት የለም አለ። ባቡር የሚጠብቁ አንድ ቄስ ተጠግተው የመቃብር መስቀል ሳይቀር ከምን እንጨት መሆን እንዳለበት አስረዱ። ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። አውርድ ያለኝ ስለሌለ እጄን እንደሰቀልኩ ነው።

በመጨረሻ ማሬሻሎው የራሳቸውን ሽጉጥ እጀታ በጣታቸው መታ መታ አድርገው አሳዩኝ። «የመንግሥት ነው። ፕላስቲክ» አሉ በሐዘን። ሳንቃዎቼን መለሱልኝ። «ስማ፣ ቫርኒሽ እንዳትቀባው! ኦሊዮ ዲ ሊኖ ኮቶ ብቻ። ገባህ?»

ገብቶኛል። ሊኖ ተልባ ነው። ኮቶ የበሰለ። የበሰለ ተልባ ዘይት።

አሥር ቀን ወጥ ቤቱ ሰገነት ላይ ተቀምጬ ሞረድኩ። ጣቴን ሁለት ጊዜ ከእንጨቱ ጋር ሞርጃለሁ። ግን ምን ልበላችሁ፣ ነገሩ እየጣመኝ መጣ። ሰሙን አጠገቤ አስቀምጬ የዶቶሬን እያንዳንዱን ጣት ቦታ ፈለግሁለት፤ ለማይታጠፈው ጣት ጠፍጣፋ ማረፊያ አበጀሁ። የመጀመሪያው ጉንጭ ሲያልቅ ራሴን ተገርሜ አየሁት። ሁለተኛውን ደግሞ ከመጀመሪያው ጋር አንድም ልዩነት እንዳይኖረው አድርጌ ሠራሁ። ተሳካልኝ። አንድም ልዩነት አልነበረውም።

ችግሩም እሱ ነበር። ሁለቱን ፊትና ጀርባ ላጋጥማቸው ስል አንዱ ወደ ሰሜን ሲሄድ ሌላው ወደ ደቡብ ይሄዳል። ካርቶኗን ሳልገለብጣት ሁለት ጊዜ እንዳለች ዞሬባታለሁ። ሁለት የግራ ጉንጭ!

አላመንኩም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አንዱን መስተዋት ፊት ያዝኩት። መስተዋቱ ውስጥ ቀኝ ነው። ፍጹም የሆነ፣ ያማረ የቀኝ ጉንጭ። ሳወጣው ግራ ይሆናል። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ እትዬ አስካለ በሩን አንኳኩተው «ምን ሆነህ ነው ከመስተዋት ጋር የምትጣላው?» እስኪሉኝ ድረስ።

ነገርኳቸው። መጀመሪያ አማተቡ። ቀጥለው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ሲበቃቸው ተነሱና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን መክተፊያቸውን አወረዱ።

«የዶቶሬ ሚስት፣ እሜቴ፣ በሕይወት እያሉ ነግረውኛል፤ ይሄም ከዚያው ዛፍ ነው» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ስከትፍበት የኖርኩት ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረግ። ከዳሩ ቁረጥ። ግን አንድ ነገር፣ ለዶቶሬ እውነቱን አንተው ራስህ ትነግራለህ።»

«እነግራለሁ፣ እትዬ።»

«መቼ?»

«ቫ ቤኔ፣ በኋላ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሽ ተወልደ መክተፊያውን መጋዙ ሥር ሲያስገቡት ሽታው ክፍሉን ሞላው። ነጭ ሽንኩርት ብቻ አይደለም። ሮማዎች ለመኮሮኒያቸው የሚጠቀሙበት ጉዋንቻሌ የሚባል የደረቀ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለ፤ እትዬ አስካለ ለዶቶሬ በየቀኑ የሚቆርጡት እዚያ ላይ ነበር። ጮማው እንጨቱ ውስጥ ዘልቋል።

«ስማኝ ወንድሜ፣» አሉ ጋሽ ተወልደ መጋዙን አቁመው፣ «ይሄ ሳንቃ ነው ወይስ ምሳ?»

ካርቶኗን ገለበጥናት። ጋሽ ተወልደ ሦስት ጊዜ አስገለበጡኝ። የቀኙ ጉንጭ ተወለደ፤ ከወንድሙ ትንሽ ጠቆር ያለ፣ ፀሐይ የመታው የሚመስል።

የቀረው ዘይቱ ነው። ከሱቅ የገዛሁት ጠርሙስ ላይ «ሊኖ ክሩዶ» ይላል። ክሩዶ ጥሬ ነው። ማሬሻሎው ያዘዙት የበሰለ ነው። ጥሬ ከሆነ ማብሰል ነዋ! የእትዬ አስካለን ድስት ጣድኩና አበሰልኩት። ሽታውን አልነግራችሁም፤ የጾም ተልባ ያጣጣመ ሰው ይቀየመኛል። ሲቀዘቅዝ በዶቶሬ አሮጌ የውስጥ ልብሶች እየነከርኩ ጉንጮቹን አሸሁ። ግራው ዘይቱን ጠጣና አበራ። ቀኙ አልጠጣም አለ፤ ለዓመታት ጠግቦ የኖረ እንጨት ነው። ግራ ጎኔን እስኪያመኝ አሸሁት። ከዚያ ጨርቆቹን ጠቅልዬ፣ ንጹሕ ሰው ነኝና፣ ሰገነቱ ላይ ካለው የልብስ ቅርጫት ውስጥ ከተትኳቸው።

የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ግሎ እንደሚነድ ታውቁ ነበር? ሮማ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የነገረኝ ግን የለም።

በማግስቱ ከምሳ በፊት ነው። ዶቶሬ ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል፤ እትዬ አስካለ መኮሮኒ ቀቅለው ሊያጠልሉ ነው። ከፊት ለፊት ፎቅ አንዲት ሴት «ፎኮ! ፎኮ!» እያሉ ሲጮሁ ሰማን። እሳት! ከሰገነቱ ጭስ ይወጣል። እኔ ውሃ ልቀዳ ቧንቧ ስከፍት እትዬ አስካለ በእጃቸው የነበረውን ድስት ከነመኮሮኒው ይዘው ወጡና ቅርጫቱ ላይ ደፉት። እሳቱ ጠፋ።

ጎረቤቲቱ ግን ስልክ ደውለው ኖሮ እሳት አደጋዎች ደረሱ። አራት ሆነው፣ ቆብ ደፍተው፣ ቱቦ እየጎተቱ ገቡ። ሰገነቱ ላይ ያገኙት ግማሹ የተቃጠለ የዶቶሬ የአደን ሱሪና እሱ ላይ የተደፋ የሚጨስ መኮሮኒ ነው። አለቃቸው ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይሄ አዘገጃጀት የየት አገር ነው?» አለ።

ወደ ክፍል ገባ። ጠረጴዛው ላይ ራቁቷን የተጋደመች ሽጉጥ፣ ከጎኗ የተደረደሩ ጉንጮች። ዶቶሬ ነቅተው የሽጉጡን ፈቃድ ከመሳቢያ እያወጡ ሳለ የአለቃው ጣት ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለምን ሦስት ሆኑ?»

ዶቶሬ መነጽራቸውን አደረጉ። እሳቸውም ቆጠሩ። ከዚያ ሁሉም፣ አራቱ እሳት አደጋዎች ሳይቀሩ፣ ወደ እኔ ዞሩ። እትዬ አስካለ ከበሩ ላይ ሆነው በዓይናቸው «አሁን!» አሉኝ።

«ዶቶሬ» አልኩ። «እኔ ፋሌኛሜ አይደለሁም። ሁለት ግራ ሠርቼ ነው። የቀኙ የመክተፊያው ነው።»

«ምንድን ነህ ታዲያ?»

«አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ነበር የማስተካክለው።»

ሥራዬ፣ ፔርሜሶዬ፣ ሮማም ራሷ ከእግሬ ሥር ስትሄድ ተሰማኝ። ዶቶሬ አንዱን ግራና ጠቆር ያለውን ቀኝ አነሱ፣ አጋጠሙ፣ በመዳፋቸው ውስጥ ጨበጧቸው። የማይታጠፈው ጣታቸው ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ሳይቸገር ገባ። እጃቸውን አላላቀቁም።

«አንድ ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከአንድ ዳኛ አፍ የቀኙን መንጋጋ ልነቅል የግራውን ነቅያለሁ።»

«እና ምን አሉዎት?» አለ የእሳት አደጋው አለቃ።

«ምንም። አፉ በጥጥ ተሞልቶ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አስካለ ናቸው። አለቃው ሳቁን እየዋጠ ሪፖርቱን ሊሞላ ወረቀቴን ጠየቀኝ። አየውና «የአንተ ፔርሜሶ እኮ አራት ቀን ነው የቀረው» አለ።

ዶቶሬ ተቆጡ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነግሬዎታለሁ። ቫ ቤኔ አሉኝ።»

ዶቶሬ ቀሉ። እዚያው ተቀምጠው ብዕር ያዙ፤ የመንግሥት ቋንቋውን የእሳት አደጋው አለቃ እየነገራቸው በዚያ በማይታጠፍ ጣት እያንዳንዷን ፊደል ሥለው ደብዳቤውን ጻፉልኝ። አለቃው ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና ጉንጮቹ በዘይት ፋንታ በንብ ሰም ቢታሹ ይሻል እንደነበር መከረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ኩዌስቱራ ሄድኩ፤ ማኅተም ተመታልኝ። ከሰዓት በኋላ ጉንጮቹን ገጠምን። ዶቶሬ ጥርስ የሚጋጭበትን ቦታ ለማወቅ የሚያስነክሱትን ባለ ሰማያዊ ቀለም ወረቀት በብረቱና በእንጨቱ መካከል አድርገው ብሎኑን ያጠብቃሉ። «ንከስ!» ይሏታል ሽጉጧን። ሲፈታ ሰማያዊ የነካውን ቦታ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ። «ንከስ! ክፈት!» እንዲህ ሲሉ መሸ። በመጨረሻ እንጨቱና ብረቱ ፀጉር የማያሾልክ ሆኑ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዶቶሬ ሽጉጥ ይዘው ከአጠገባቸው አልሸሸሁም።

ቅዳሜ በአዲስ ሱሪ አደን ሄዱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቻቸው በመኪና መልሰው አደረሷቸው። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው፤ የቀኝ እጅጌያቸው ተበጫጭቋል። እትዬ አስካለ ወንበር ሳቡላቸው።

«አሳማውስ?» አልኩ።

«ከእኔ እዚያ በር ድረስ ነበር የቆመው» አሉ ዶቶሬ። «አየኝ፣ አየሁት። ሽጉጤን አነሳሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ትሰማለህ? ጨርሶ አልተንቀጠቀጠም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስድስቱም ውሾች አሳማውን ትተው ወደ እኔ መጡ። አንዱ እጅጌዬ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሁለቱ ሽጉጡን ይልሳሉ። የአሳማው ነገር አያስደንቅም፤ ቆሞ አየን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ። ጓደኞቼ ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። እኔም ተንከባለልኩ። እንዲያ የሳቅሁት ሚስቴ ከሞተች ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።»

እትዬ አስካለ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወጥ ቤት ገቡ። ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አላየሁም።

ሰኞ ጠዋት ዶቶሬ ሽጉጧን በሣጥን አድርገው ለካራቢኒየሪ ጣቢያ ሊያስረክቡ ወጡ፤ እኔ ክንዳቸውን ደግፌ። የጣቢያው ጸሐፊ ሣጥኑን ከፍቶ ከመዝገቡ ጋር አስተያየ።

«እዚህ ላይ ከነጉዋንቼቴው ነው የሚለው» አለ። «የታሉ?»

«ብረቱ የመንግሥት ይሁን» አሉ ዶቶሬ። «እነሱ የእኔ ናቸው።» ጠዋት በካቻቪቴ ፈትተናቸው ነበር።

ጸሐፊው ብዙ አሰበና «እጀታ የሌለው» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ዶቶሬ ሁለቱን ጉንጭ በካፖርታቸው ቀኝ ኪስ ይዘው ነው የሚወጡት። እጃቸው ሲሞቃቸው ይላላል ይላሉ። እንጨቱ ሲሞቅ ደግሞ ይሸታል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ከኋላችን ይሰለፋል። ዶቶሬ በየመታጠፊያው ቆመው ዞር ይሉና ይቆጥራሉ። አንድ ማክሰኞ ከኋላችን ሰባት ውሾችና ውሻዋ አምልጣባት የምትሮጥ አንዲት ወይዘሮ ደረሱ።

«ስምንት» አሉ ዶቶሬ፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ለወይዘሮዋ እጅ እየነሱ። «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አደን አድኜ አላውቅም።»